ሬሳ የሌለው ሙሾ
«ሠላሳ ዓመት የጋይንትን ሬሳ ሁሉ በሙሾ ስሸኝ፣ እስቲ ድምፅሽን እንስማው ያለኝ የለም! ዛሬ ቀጭን ድምፅ ፍለጋ ከአዲስ አበባ ድረስ ተመጣ!» አሉ የልጅቱ አሮጊት አክስት። ንፋስ መውጫ ከተማ አዳራሽ ውስጥ፣ ለቲያትር ቤት ዘፋኝ ሊመርጥ በመጣው ሰው ፊት የልጅቱ ድምፅ ሁለቴ ተሰበረ።

«ለመጨረሻ ጊዜ፣ ከፍ አድርገሽ» አላት ሰውየው።

ከፍ የሚለው ድምፅዋ ለቅሶ ቤት ካልሆነ አይወጣም። ሬሳ በሌለበት ሙሾ ማውረድ ደግሞ ሞትን ደጅ ድረስ መጥራት ነው። «እትዬ፣ ሙሾ ብቻ ነው የሚሆንልኝ፤ ማንን ልግደል?» አለች ወደ አክስቷ ዞራ።

ሰውየው ደብተሩን ሊከድን ሲል፣ አሮጊቷ የልጅቱን ነጠላ እንደ ሐዘንተኛ አዘቀዘቁት። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተጋደሙና ጋቢያቸውን እስከ ፊታቸው ተከናነቡ። የተሰነጠቀው ተረከዛቸው ብቻ ወጥቶ ቀረ። አልተንቀሳቀሰም፤ ጋቢውም የሚተነፍስ አይመስልም። ልጅቱ የእውነት ፈራች፤ ከሆዷ የማታውቀው ቀጭን የሙሾ ድምፅ አፈትልኮ አዳራሹን ሞላው። ሰውየው ብዕሩን አነሣ። እሷ ግን ደንግጣ አፏን ያዘች።

«ምን አቆመሽ?» አሉ አሮጊቷ ከጋቢው ሥር። «ደጊቱ ብለሽ በስሜ ጥሪኝ እንጂ! ሌላው ሞቶ የማይሰማውን እኔ በቁሜ ልስማው!»