እንዲቆም የተገዛ ደን

«ከዚህ በላይ የሚጨምር አለ?» አለ አጫራቹ፣ ወደ ጣውላ ነጋዴው እያየ።

ነጋዴው አንገቱን አሻሸ። ከከተማው በላይ ያለው የመንግሥት ደን ነው የቀረበው። እልህ የተጋባችው ተጫራች ደግሞ ባዕድ አይደለችም፤ እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። የሰፈሯ የምንጭ ውሃ ማኅበር ወክሏት መጥታለች። እሱ በጨመረ ቁጥር ስትጨምር ቆይታ፣ አሁን እጇን አጣምራ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

«በቃኝ» አለ።

«እንግዲያው ለወይዘሮዋ ጸንቷል» አለ አጫራቹ። «ቆረጣውን መቼ ይጀምራሉ?»

«የምን ቆረጣ?» አለች እህቱ። «እኛ የገዛነው እንዲቆም ነው። ምንጫችንን የያዘልን እሱ አይደል?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አጫራቹ ግን አልሳቀም።

«እናቴ፣ እዚህ የሚሸጠው እንጨት እንጂ ዛፍ አይደለም። ቆረጣ የማይጀምር ሰው ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ደኑም ለሁለተኛው ተጫራች ያልፋል።»

«የኛ ገንዘብ ከሱ ይበልጥ የለም እንዴ?»

«ይበልጣል። ምን ላድርግ፣ ደንቡ ነው።»

የነጋዴው ስልክ ጮኸ። የመጋዝ ቤቱ ፎርማን ነው። «ጋሼ፣ እንዴት ሆነ? ሰዉ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀ ነው።» መጋዙ እንጨት ካጣ ሰንብቷል፤ ሠራተኞቹም ሥራ ፈትተዋል።

«ቆይ፣ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው።

«እርስዎ ባቀረቡት ዋጋ ይወስዳሉ?» አለው አጫራቹ።

እህቱ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሳች። በአጠገቡ ስታልፍ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። «እንኳን ደስ ያለህ፣ ወንድምዓለም» አለችው። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

«አንዴ» አለ ነጋዴው። «ደንቡ ቆረጣ ይጀመር ነው የሚለው? ስንት ዛፍ ሲቆረጥ ነው ተጀመረ የሚባለው?»

አጫራቹ ወረቀቱን ገለጠ፤ መልሶ ገለጠ። «ይጀመር ይላል እንጂ፣ ስንት አይልም።»

«አንድም ይሆናል?»

አጫራቹ ቀና ብሎ አየው። ነጋዴው የሚጠይቀው በገዛ ራሱ ላይ መሆኑ የገባው አይመስልም ነበር። «አንድም... ይሆናል።»

እህቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«እትዬ፣ ተመለሺና ፈርሚ» አላት። «አንድ ዛፍ ቁረጪ፣ ሌላው ይቁም።»

«በምኔ ልቁረጥ? በጥርሴ?»

«መጋዝ እኔ አላጣ።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አላነሳውም፤ ለነዚያ ሰዎች ምን ብሎ እንደሚነግራቸው ገና አላወቀም።

እህቱ ፈርማ ስታበቃ ወደሱ ዞረች። «እሺ፣ የትኛውን ነው የምትቆርጠው?»

ዕድሜውን ሙሉ ተራራ ሲያራቁት የኖረ ሰው፣ አንዲት ዛፍ መርጦ አያውቅም። ዓይኑን ጨፈነና በሐሳቡ ደኑን ከታች ጀምሮ፣ እያንዳንዱን ግንድ እየነካ፣ ቀስ ብሎ መውጣት ጀመረ።