አርባ ተማሪ... አርባ አንድ አስተያየት!

«ይህን የጻፈ ሰው ይነሳ!»

የኬሚስትሪው ፕሮፌሰር አንዲት ወረቀት ከፍ አድርጎ ይዟል።

አርባው ተማሪ እርስ በርሱ ተያየ።

«እሺ፣ እኔው ላንብበው!» አለና አነበበው...

«መምህሩ የሚያስተምረው ሰሌዳውን ነው። ሰሌዳው ዘንድሮ ይመረቃል። ልጆቹ ግን ይወድቃሉ።»

አንዱ ሳቅ አመለጠው... ቶሎ ብሎ በሳል ሸፈነው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም!

ነገሩ እንዲህ ነው...

ያን ዕለት ጠዋት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ፕሮፌሰሩን አስጠርቶት ነበር። ተማሪዎቹ ስለ ማስተማሩ የሞሉትን የአስተያየት ቅጽ በአንድ እጁ፣ የግማሽ ዓመቱን ውጤት በሌላው እጁ ይዞ ጠበቀው።

«በቅጹ ‹እጅግ በጣም ጥሩ› ተብለሃል። በፈተናው ከአርባው ሃያ ስድስቱ ወድቀዋል። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ! ማጠቃለያው ፈተና ስድስት ሳምንት ቀርቶታል። ግማሹ እንኳ ካላለፈ ትምህርቱን ለሌላ መምህር እሰጠዋለሁ።»

አስራ አራት ዓመት ያስተማረውን ትምህርት!

ቢሮው ገብቶ ቅጾቹን አንድ በአንድ አነበበ።

«ድንቅ መምህር ነዎት።»

«ሁሉም ነገር ግልጽ ነው።»

ግልጽ ከሆነ ምነው ታዲያ ወደቁ?... ወይ መማር!

ከሁሉ በታች አንዲት ወረቀት አገኘ። ፊደሏ ትልልቅ፣ ጠመም ጠመም ያለች። ሲቆጥራቸው ደግሞ... አርባ አንድ ናቸው።

ደሙ ፈላ። ወረቀቷን ይዞ ልጆቹ የዕለቱን ሙከራ ወደጨረሱበት ቤተ ሙከራ በረረ።

የክፍሉ አለቃ ብድግ አለ። «ፕሮፌሰር፣ ከእኛ ማንም እንዲህ አይጽፍም! የምቀኛ ሥራ ነው!»

«ተቀመጥ ልጄ፣ ለጥብቅና አልተቀጠርክም። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አርባው ራስ ወደ ኋላ ዞረ...

የቤተ ሙከራውን ዕቃ የሚያጥቡት እናት ናቸው። ሁልጊዜ ከኋላ፣ ከመታጠቢያው አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ልጆቹ እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። የክፍሉ አለቃ ቅጹን ሲያድል ቀና ብሎ የሰው ፊት አላየም... ለእሳቸውም ሰጣቸው። እሳቸው ደግሞ የተሰጣቸውን ሥራ ሳይሠሩ የማይመልሱ ሴት ናቸው!

«እርስዎ?» አለ ፕሮፌሰሩ። «እርስዎ ስለ ኬሚስትሪ ምን ያውቃሉ?»

«ስለ ኬሚስትሪ ምንም። ስለ ብርጭቆ ግን ጠይቀኝ። አንተ ስልህም አትቀየም፣ የወለድኩት ያህልሃል።»

ጎንበስ ብለው ገና ካልታጠቡት መካከል ሁለት የሙከራ ብርጭቆ አነሱ። የአንዱ ውሃ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ነው። የሌላው ጥቁር ሊሆን ምንም ያልቀረው ድፍን ሐምራዊ።

«‹ጠብታ በጠብታ ጨምሩ፣ ሮዝ መልክ ፍንጭ ሲል አቁሙ› ብለሃል። ለሰሌዳው ስትነግረው ከዚህ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። የገባው ልጅ ብርጭቆው እንዲህ ፈዝዞ ይመጣልኛል። ያልገባው ከልክ በላይ ጨምሮበት እንዲህ ጠቁሮ። ሁለት ሁለት ሆነው ሲሠሩ ሃያ ብርጭቆ ነው። ዛሬ የፈዘዘው ስንት መሰለህ?... ሦስት!»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ዞረህ አየኸኝ?... ደግሞስ ቅጹ ‹አስተያየት› ነው የሚለው። ‹ውዳሴ› አይልም!»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። አሁን እኚህን እናት ያባርራቸዋል ብለው ጠበቁ።

ፕሮፌሰሩ ግን ወደ ልጆቹ ዞረ። «እውነታቸውን ነው?»



ከመሃል አንዲት ልጅ ቀስ ብላ ተነሳች። «አዎ ፕሮፌሰር። እኔ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አልገባኝም።»

«ታዲያ ለምን ‹ግልጽ ነው› ብለሽ ጻፍሽ?»

«የእጅ ጽሑፌን ያውቁታል ብዬ ፈርቼ...»

ያቺ ቃል ከወረቀቷ ይልቅ አመመችው።

ወረቀቷን አስቀመጠ። ኮቱን አወለቀ። ወንበር ስቦ ከልጆቹ ፊት ለፊት ተቀመጠ።

«እንግዲያው ከሁለተኛው ሳምንት እንጀምራለን» አለ። «ያልገባው እጁን ያውጣ። ያፈረ ደግሞ ሁለቱንም ያውጣ!»

ከዚያ ቀን ወዲያ ሙከራ ባለቀ ቁጥር ብርጭቆዎቹ ሳይደፉ መታጠቢያው ዘንድ እየሄደ ይቆማል።

«ዛሬ ስንት?»

«አምስት።»

ትምህርቱን በሌላ መንገድ ደገመው።

«ዛሬስ?»

«ዘጠኝ። አይዞህ፣ ዛሬ የተወለደ ዛሬ አይሮጥም።»

አሁንም ደገመው። ድምፁ እስኪዘጋ ደገመው።

«ዛሬስ እማማ?»

«አስራ ስምንት! ሁለቱ ደግሞ አልገባቸውም አትበል፣ ሲያወሩ አይቻቸዋለሁ!»

ስድስቱ ሳምንት አለቀ... ፈተናው መጣ...

ከአርባው ሠላሳ አምስቱ አለፉ!

ኃላፊው ግን እንደገና አስጠራው። አዲሱን ቅጽ ይዞ ግራ ተጋብቷል።

«ምን አድርገሃቸው ነው? ‹ቀልዱ አያስቅም› ይላል አንዱ። ‹ሲቸኩል ምላሱ ይተሳሰራል› ይላል ሌላው። ‹የመጨረሻው ምዕራፍ አሁንም አልገባኝም፣ ይደገም› ትላለች አንዷ። እንዲህ የከፋ አስተያየት ከእንዲህ ካማረ ውጤት ጋር አይቼ አላውቅም!»

ፕሮፌሰሩ ፈገግ አለ። እጁን ዘረጋ።

«ሁሉንም ስጠኝ። አዳዲሶቹ ተማሪዎች ሰኞ ይገባሉ... እስከዚያ የማስተካክለው ብዙ ነው።»

...

የተማረ ይግደለኝ ይባላል። መግደሉን ተዉትና... የተማረ ይጠይቀን!

የሚፈራን ሰው ያሞግሰናል። እያሞገሰን ገደል ስንገባ ቆሞ ያየናል። የሚያስብልን ግን ፊታችን ቢጠቁርም ጉድለታችንን ይነግረናል። ንግግሩ ቢሻክር፣ ፊደሉ ቢጣመም፣ ወንበሩ ከኋላ ቢሆን... ስሙት!

እስቲ እናንተ በእውነት መልሱልኝ... በቤታችሁ ወይም በሥራችሁ ጉድለታችሁን ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ማን ነው? ለመጨረሻ ጊዜ ሲነግራችሁስ... ምን ብላችሁ መለሳችሁለት?