ከጎኔ የተያዘ ወረፋ

ጀዊሪያና ባሏ ፈድሉ ቀጨኔ ጎን ለጎን ሱቅ ነበራቸው፤ የእሱ ሸቀጥ፣ የእሷ ጨርቅ። ሐምሌ ገብቶ ግብር ማሳወቂያው ሲደርስ፣ ፈድሉ ከሱብሒ ሶላት መልስ ግብር ቢሮው በር ላይ ሁለት ድንጋይ አስቀምጦ ወረፋ ይይዝ ነበር፤ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለእሷ። ሰው እንዳይቀይርበት ከሱቋ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ያስርባቸው ነበር።

ዘንድሮ ብቻዋን መጣች። ፈድሉ ከሞተ አምስት ወሩ ነው፤ እሷም የባል ሐዘን መቀመጫ ዒዳዋን ጨርሳ ከቤት መውጣት የጀመረችው በቅርቡ ነው። የሞት የምስክር ወረቀቱን በፌስታል ይዛለች፤ የእሱን ግብር አሳውቃ ፋይሉን ልታዘጋ። ሰልፉ አጥሩን ዞሮ ታጥፏል። እንደ ሰው ከኋላ ልትቆም ስትል የቢሮው ጥበቃ ጠራት።

«እትዬ ጀዊሪያ! ምን ያለፋዎታል? የእርስዎ ወረፋ እኮ ፊት ነው።»

«ማን ያዘልኝ?»

«ማን ይሆናል፣ ባለቤትዎ ናቸው እንጂ! ዛሬም ማን ቀድሟቸው።»

«ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብህ ነው» አለችውና ወደ በሩ ተጠጋች።

ሁለት ድንጋዮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የታሰረባቸው ጨርቅ እርጥብ ቀይ አፈር የነካው ነጭ አቡጀዲ ነው። ጎንበስ ብላ አየችው። ጠርዙ ላይ፣ ፈድሉ ተገንዞ የተቀበረበትን ከፈን ስትለካ በገዛ እጇ ያሰመረችው ሰማያዊ ጠመኔ አለ።

«ደግሞ መልእክት አለዎት» አለ ጥበቃው ከኋላዋ። «‹አትቸገር በላት፤ ከጎኔ ይዤላታለሁ› ብለውኛል።»