የሠርክአዲስ ቀለበት

በ2004 ዓ.ም. ሠርክአዲስ በአንድ የቡሬ ፋብሪካ ላቦራቶሪ የማሽን ዘይት ትፈትን ነበር። ዘይት የከዳቸው ብረቶች ሲፋተጉ ይጣበቃሉ፤ አንዱ ከሌላው ቦጭቆ ያስቀራል። ሥራ ስትጀምር የወርቅ ቀለበቷን አውልቃ በቤንዚን መወልወል ልማዷ ነው። ባሏ የብር ቀለበቱን እንዳጠለቀ ከተቀበረ ትናንት አርባ ቀኑ ሆነ።

ዛሬ ቀለበቷ ላይ ትናንት ያልነበረ ጭረት አየች። ማጉሊያው ሥር አስቀምጣ አለቃዋን አቶ ባምላኩን ጠራቻቸው።

«ብር ተጣብቆበታል» አሉ አጎንብሰው። «የብር ቀለበት ያደረገ ሰው ጨብጠሽ ነበር እንዴ ልጄ?»

«ኧረ ማንንም አልጨበጥኩ።»

«ለነገሩ በአንድ መጨበጥ እንዲህ አይሆንም። ሲፋተግ ያደረ ነው።»

ሠርክአዲስ ግራ እጇን ዘርግታ አየችው። ከእንቅልፏ ስትነሣ ጀምሮ እንደደነዘዘ ነው፤ አራት ጣቶች የጨመቁበት ስርጉድ ገና አልሞላም።