እቅጩን

ስልኮች ሻካራና አስደንጋጭ ቃልን ሁሉ አለስልሰው እንዲያስተላልፉ ከታዘዙ ስድስት ዓመት ሆኗል። ተናጋሪው በትክክል ያለው ለአርባ ቀን ይቀመጥና ይጠፋል። ባለቤቴ ወንድይራድ ካረፈ ዛሬ አርባኛው ቀን ነው።

ወጥ ጨው ሲበዛበት እንኳ «እቅጩን ልንገርሽ» ብሎ የሚጀምር ሰው ነበር። በመጨረሻው ቀን ግን ከሆስፒታል ደውሎ፣ «ትንሽ ደክሞኛል፤ ሲመችሽ ብቅ በይ» አለኝ። ሲመችሽ ስላለኝ የአጃ ሾርባው እስኪበስል ጠበቅሁ። ፔርሙዙን ይዤ ስደርስ አልጋው ባዶ ነበር።

ለተዝካሩ የመጡት እንግዶች ምሳ ላይ ሳሉ ስልኬን ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁ። እህቱ እታገኝ ተከትላኝ መጣች።

«ይቅርብሽ» አለችኝ። «ወንድሜ እንደሆነ አፉ መዶሻ ነበር።»

«እኔም ያገባሁት መዶሻውን ነው።»

«ሰድቦሽ ቢሆንስ?»

«ይስደበኝ።»

እውነቴን ነበር፤ ስድብ እንዲሆን ተመኝቻለሁ። «እቅጩን» የሚለውን ቁልፍ ተጭኜ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጠፍሁት።

«እየሞትኩ ነው። የያዝሽውን ሁሉ ጥለሽ አሁኑኑ ነይ። ብቻዬን ፈራሁ።»

ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

«ምን አለ?» አለችኝ እታገኝ። ዓይኖቿ አብጠዋል፤ አርባ ቀን ሙሉ አልቅሳለች።

«ያንኑ ነው» አልኳት። «ትንሽ ደክሞኛል፤ ሲመችሽ ብቅ በይ።»

እፎይ ብላ ወደ እንግዶቹ ተመለሰች።