የጠበቃው ዕርቅ

ጠበቃው በጠበቆች የዲሲፕሊን ጉባኤ ፊት ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ ቆሟል። እሱ በቀጠሮው ቀን ችሎት ባለመቅረቡ የቀበና ቤታቸውን ያጡት ደንበኛው፣ እማማ የማርያምወርቅ፣ አጠገቡ ናቸው።

«አቤቱታዎን የሚያነሱት በፈቃድዎ ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«የንስሐ አባቴን ሽማግሌ አድርጎ ላከብኝ፤ እሳቸውን እንዴት እምቢ እላለሁ ጌታዬ?»

ጠበቃው ፊቱ ቀላ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል እማማ ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። ቤቱን ካጡ ወዲህ እንጦጦ እንጨት እየለቀሙ ነው የሚያድሩት፤ እጃቸው ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል።

«ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ።»

የጥብቅና ፈቃዱ እንደተረፈለት ገባው። እማማ ግን ትከሻውን አልለቀቁም፤ ወደ ጆሮው ጠጋ አሉ።

«እንግዲህ ታርቀናል። ቤቴ መቼ እገባለሁ?»