ጭስ የማይወጣበት ቤት

«እማማ አረጋሽ! እንኳን ደስ አለዎት!»

ወጣቱ ማዕረግ ባለ መስታወቱን የምስክር ወረቀት ታቅፎ በሩን አንኳኳ...

ልጁ ከዘመሮ ከተማ ወዲያ ባሉ መንደሮች እየዞረ «ጭስ አልባ ቤት» የሚመዘግብ የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው።

አመዘገቡን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ጠዋት ጠዋት እሱና አለቃው መኪናቸውን ኮረብታ ላይ ያቆሙና ቁልቁል ያያሉ። ጭስ ከወጣ ኤክስ... ካልወጣ ራይት! በቃ።

የእማማ አረጋሽ ቤት አንድ ወር ሙሉ ራይት በራይት ነው።

በሩ ተከፈተ። ባና የተከናነቡ አሮጊት ብቅ አሉ።

«ምን አጠፋሁ ልጄ?»

«ኧረ ተሸለሙ እንጂ! ከመንደሩ ሞዴል እርስዎ ነዎት! በሉ ፎቶ እንነሳና ልሂድ፣ አለቃዬ ኮረብታው ላይ እየጠበቀኝ ነው።»

«እሳት ልትጭር የመጣህ ትመስላለህ... ግባ እንጂ፣ አፈር ስሆን!»

ገባ።

ቤቱ ከደጁ ይብሳል... ይበርዳል። ጉልቻው ላይ ሸረሪት አድርቶበታል።

ማዕረግ ግራ ገባው።

«እማማ፣ በምንድን ነው የሚያበስሉት?»

«የምን ማብሰል አመጣህ? ጎረቤት የሰጠችኝን በሶ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ አድራለሁ። ድመቴ እንኳ ሙቀት ፍለጋ ማዶ ገብታለች።»

«ለምን?»

«የበልጉ ዝናብ ሁለት ዓመት ቀረብን። ከብቶቼ አለቁ። ከብት ከሌለ ኩበት ከየት ይመጣል? ከጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ማገዶ መቁረጥ ክልክል ነው። ክልከላውስ ደግ፣ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው፣ እኔም አልነካውም። ግን 'በምትኩ የፀሐይ መብራትና ምድጃ እንሰጣችኋለን' ብላችሁን ነበር... እሱን ነው የምጠብቀው።»

ወረቀቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ምን ይላል? ምድጃው መጣ ነው የሚለው?»



ነገሩ እንዲህ ነው፤ ራይት ያገኘ ቤት «ችግሩ ተፈቷል» ተብሎ ከምድጃው ዝርዝር ይወጣል። ስማቸውን ያወጣው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

መዋሸት አቃተው። አንድ በአንድ ነገራቸው።

አልጮኹም። አልረገሙትም። «ሆድ ይፍጀው» ብቻ አሉ።

ከዚያ ወረቀቱን ተቀብለው መስታወቱን አውልቀው የእንጨት ፍሬሙን በጉልበታቸው ሰበሩት። ወረቀቱን ከሥር አድርገው ክብሪት ጫሩ!

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው?!»

«እንግዳ ከቤቴ ትኩስ ሳይቀምስ ወጥቶ አያውቅም።»

ጥቂት ውኃ ጣዱ፣ ጦስኝ ጣል አደረጉበት። ውኃው ሳይፈላ እሳቱ አለቀ። ለብ ያለውን በጣሳ ቀድተው ሰጡት...

ማዕረግ እያለቀሰ ጠጣ።

ስልኩ ጮኸ። አለቃው ነው።

«አንተ! ከዚያ ቤት ጭስ ወጣ እኮ! ከሞዴሎቹ ሰርዛት!»

«እሺ ጌታዬ... እንግዲያው ምድጃ ይሰጣቸዋላ?»

«የምን ምድጃ? ኮታው ባለፈው ሳምንት አለቀ!»

ስልኩ ተዘጋ።

ሽልማቱም ሄደ፣ ምድጃውም ሄደ። አሮጊቷ እፍኝ የማትሞላ አመድ ላይ እጃቸውን እያሞቁ ቀሩ።

ወገኖቼ... እኛ አገር እኮ «ቤቱ ጭስ የለውም» ከተባለ ጎረቤት ደንግጦ ይሮጣል። ሰው ታሞ ይሆን፣ ሞቶ ይሆን ይባላል። ዛሬ ግን ይሸለማል!

አየሩም ደኑም ይጠበቅ፣ ማን ይጠላል? ግን በልጉን ያስቀረው የእማማ አረጋሽ ኩበት አይደለም። ምትክ ሳይሰጡ የድሃ እሳት ማጥፋት ሕግ ሊባል ይችል ይሆናል... ፍትሕ ግን አይደለም። መጀመሪያ ምድጃው ይድረስ፣ ጭሱ ያኔ ራሱ ይጠፋል።

ማዕረግ ያን ቀን ሪፖርቱን ይዞ ብዙ ሰዓት ተቀመጠ፣ እስክሪብቶው አልሄድ አለው።

በእሱ ቦታ እናንተ ብትሆኑ... ከእማማ አረጋሽ ስም ፊት ለፊት ምን ትጽፉ ነበር?